እርሳስ ከምድጃችን ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኮምቦልቻ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያወጡ፣ በከሰል ማንደጃ ላይ እያቀለጡ የጥይት አረር የሚያፈስሱ ወጣቶችን ስላየሁ ነው። ወጣቶቹ ክፉዎች አይደሉም። አንዳንዶቹን ብረታ ብረት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከብታችንን ከጅብ፣ ማሳችንን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው ይላሉ። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑን የሕግ ሰዎች ይንገሯቸው። እኔ ዕድሜዬን በቶርኖ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ስለማውቀው ነው። “ከፋብሪካው አይተናነስም፤ አምስት መቶ ሜትር ላይ ያለውን ይመታል” ሲሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከእነርሱ አንዱ ያፈሰሳቸውን አረሮች በመሐረብ ቋጥሮ አመጣና “መምህር፣ እስቲ ይመልከቱልኝ” አለኝ። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ። እጁ ጎበዝ ነው። በወርቅ ሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው ግን እኩል የሚመዝን ጠፋ። ቀለል ያለውን መርጬ በጊራ ይዤ በብረት መጋዝ ከወገቡ ቆረጥኩት። ወደ አንድ ጎን ተጠግታ የምስር ክክ የምታህል ባዶ ቦታ ነበረች። እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የጎደለውን የሚሞላለት ካላገኘ ክፍተቱ እዚያው ውስጡ ይቀራል። ላዩ ለስልሶ ስለሚዘጋ ዓይን አያየውም።

ይህች ክክ ምን ታደርጋለች? የክላሽንኮቭ አረር ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ነው። በበርሜሉ ውስጥ የተቆረጡት ጠመዝማዛ ቦዮች ደግሞ በየ240 ሚሊሜትሩ አንድ ዙር ያዞሩታል። ቁጭ ብለን ስናሰላው በደቂቃ ወደ 180 ሺህ ዙር መጣ። በዚህ ፍጥነት የሚሾር ነገር፣ የክብደቱ እምብርት ከመሐል መስመሩ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ሦስት እጅ ብቻ ቢዛነፍ፣ አፈሙዙን በለቀቀበት ቅጽበት ወደ ጎን ይወረወራል። አምስት መቶ ሜትር ሲደርስ ከታለመለት ቦታ ወደ 40 ሴንቲሜትር ይርቃል። በየትኛው ጎን እንደሚርቅ እንኳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ክፍተቷ በየአረሩ ሌላ ቦታ ላይ ናትና። ነፋሱ ገና አልተቆጠረም። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ሒሳቡን እንደገና ራሱ ሠራው፤ ያው መጣ።

ሌላም አለ። ለስላሳ እርሳስ በዚያ ፍጥነት ሲገፋ ቦዮቹን ይዞ መሾር ያቅተዋል። እየተላጠ በርሜሉን ይለስነዋል። የዓለም ሠራተኞች ይህን የተረዱት ድሮ ነው። ስዊዛዊው ኤድዋርድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1882 እርሳሱን መዳብ ያለበሰው በዚህ የተነሳ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ መጥቶ ፍጥነቱን ሲጨምረው ደግሞ ያለ ልባስ መተኮስ የማይታሰብ ሆነ። ሩቅ የሚመታ አረር የሚሠራው ልኩን በማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትርን ክፋይ በሚለካ መሣሪያ፣ እየተቆጣጠሩ፣ ጉድለት የተገኘበትን እየጣሉ ነው። በማንደጃ ዳር ያ ሁሉ አይገኝም።

“አባቶቻችንስ በእጃቸው አፍስሰው አይደል የዘመቱት?” ይሉኛል። እውነት ነው። መቅደላም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ወገኖቻችንን የፈጀው የእንግሊዝ ስናይደር ጠመንጃ የሚተኩሰው አረር ራሱ ከለስላሳ እርሳስ ነበር። ነገር ግን የዚያ ጠመንጃ አረር ፍጥነት የዛሬውን ክላሽ ግማሽ ያህል ነው፤ እርሳሱ የሚችለው ያንን ነው። ደግሞስ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ማሠራት ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ባለሙያ ሰብስበው፣ ለሥራው የተለየ መንደር ሰጥተው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ማቅለጫ አቋቋሙ። ሰባት ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፍስሰው በበሽሎ በረሃ አሻግረው መቅደላ አወጡት፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። አባቶቻችንን የሚጠቅስ ሰው ጋፋትንም ይጥቀስ። ማቅለጥ የራሱ ቦታ ያለው ሥራ መሆኑን ንጉሡ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የቡና ከሰል ይበቃዋል። ጉዳቱ የሚመጣውም በዚህ ቅለቱ ነው። ከቆራሌ የሚገዛው አሮጌ ባትሪ ሲሰበር የሚገኘው ንጹሕ እርሳስ ብቻ አይደለም፤ ሳህኖቹ የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት ዱቄት የተለጠፈባቸው ናቸው። ዱቄቱ ይቦናል። ከቀለጠው ላይ የሚገፈፈው ዝቃጭ ጓሮ ይደፋል። ያ ጎበዝ ልጅ ቤት ሄጄ ያየሁት ይህን ነው፦ ከማቅለጫው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እናቱ ስጥ አስጥተዋል። ገና አፏን በቅጡ ያልፈታች ታናሽ እህቱ መሬት ላይ የተንጠባጠበውንና የሚያብለጨልጨውን እርሳስ እየለቀመች በአፏ ታደርጋለች። እጇን ይዤ አስተፋኋት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በደም ውስጥ ሲገኝ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚሰርገው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ያሳንሳል፣ ከሁሉም በላይ አእምሮን ይጎዳል። ከሴኔጋል ዋና ከተማ ከዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር፣ ነዋሪዎች የባትሪ እርሳስ ከአፈር እያበጠሩ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱባቸው። እነዚያም እናቶች የሚያውቁት ለዕለት ጉርሳቸው መሥራታቸውን ብቻ ነበር። በመምህርነቴ ዘመን ትምህርት የማይገባው ልጅ “ሰነፍ” ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። ከመካከላቸው ስንቱ የጓሮውን አፈር በልቶ ያደገ እንደሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ባትሪ ሻጮች አሮጌውን ሳይሰበር ተቀብለው አዲሱ ላይ ዋጋ ይቀንሱ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን እንዲህ ያለ እጅ ያላቸውን ወጣቶች ጠርተው ማይክሮሜትር ያስጨብጧቸው፤ የወፍጮ መለዋወጫ፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ የሚሠራ ሰው በደሴም በባቲም ይፈለጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት እንደሚጠይቁ ሁሉ ስለ እርሳስም ይጠይቁ።

እስከዚያው ግን እርሳስ የቀለጠበት ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው ይነሣል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። የቀለጠበትን ድስት ለወጥ አትመልሱት፤ ስጡንም ከዚያ ጓሮ አንሡ። ልጁ ሆዴን ካለ፣ ከገረጣ፣ ነገር ከዘነጋ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ስትወስዱትም “ቤታችን እርሳስ ይቀልጥ ነበር” ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ የሚፈልገው ወስፋትና አሜባ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የብረታ ብረት መምህር
ኮምቦልቻ፣ ወሎ