የሥነ ፈለክ ክበብ፦ አሥራ ሁለት ርዕስ አቅደን አንዱን ሠራን

ዘንድሮ ዕቅዳችን ላይ አሥራ ሁለት ርዕሶች ነበሩ። የሠራነው አንዱን ነው። ጨረቃን ሁለት ማታ አየን፣ ሦስተኛው ማታ ደመና ሆነ፤ እሱ አለቀ።

አሥራ አንዱን ያስቀረብን ጣጣ የመጣው ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ገደማ የሚሆን የማይታይ ቁስ፣ ዳርክ ማተር የሚሉት፣ እንዳለ እያስረዳሁ ሳለ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጥቁር ጉድጓዶች ቢሆኑስ?» አለች። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ስበቱ ከመበርታቱ የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር ነው። ከሞቱ ኮከቦች የሚፈጠሩት አይበቁም ብዬ ልገላገል ስል፣ ከኮከቦች በፊት የተፈጠሩ የሉም ወይ ብላ ያዘችኝ።

በሐሳብ ደረጃ አሉ። የሶቪየት ሳይንቲስቶቹ ዜልዶቪችና ኖቪኮቭ በ1960ዎቹ፣ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሆኪንግም በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያነሱት ነገር ነው፦ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ገና በመጀመሪያዋ ሰከንድ ውስጥ፣ ቁስ ከመጠን በላይ የታጨቀበት ቦታ በራሱ ስበት ተደርምሶ ጥቁር ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስሌት ውስጥ ገባን። መሬት ተጨምቃ ጥቁር ጉድጓድ ብትሆን ምን ታክላለች? አንዱ ቡድን ሬዲየሷን 2,657 ኪሎ ሜትር ብሎ እርፍ! የብርሃንን ፍጥነት ስኩዌር ማድረግ ረስተው ነው። ትክክለኛው 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ብይ በሉት። አንድ ልጅ ኪሱ ውስጥ ብይ ነበረችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናት ዝም ብለን አየናት።

የማይታየው እንዴት ይገኛል? ከጀርባው ያለውን ብርሃን ሲያጎብጥ። ይህን ለማሳየት እግር ያለው ብርጭቆ ወስደን እግሩን ወረቀት ላይ ባለ ነጥብ ላይ አደረግን፤ ከላይ ሲያዩት ነጥቡ ቀለበት ሆነ። ሁሉም ስልኩን አወጣ።

የቀረው ጊዜ ግድግዳው ላይ በሰቀልነው ሠንጠረዥ አለቀ፤ እነዚህ ከኮከቦች በፊት የተፈጠሩ ጥቁር ጉድጓዶች ዳርክ ማተሩን በሙሉ ሊሆኑ የማይችሉበትን ክብደት በክብደት (ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ «መጠነ ቁስ» በማለት ፈንታ «ክብደት» ማለቴን ይቅር በሉኝ) በቀይ እየሰረዝን። ከግማሽ ቢሊዮን ቶን ገደማ በታች ያሉት በሆኪንግ ጨረር፣ ማለትም ጥቁር ጉድጓድ ቀስ በቀስ በሚያወጣው ጨረር፣ እስካሁን ተነው ባለቁ ነበር። የማጄላን ደመና የሚባሉትን የጎረቤት ጋላክሲዎች ኮከቦች ለዓመታት የተከታተሉት ተመራማሪዎች ያዩት የብርሃን ጉብጠት ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ የሠንጠረዡ ሰፊ መሃል ተሰረዘ። የስበት ሞገድን የሚለካው መሣሪያ ሊጎ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የያዘው ግጭት የፀሐይን 30 እጥፍ ገደማ በሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች መካከል ስለነበር ብዙዎችን አጓጉቶ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ ዳርክ ማተሩን በሙሉ አይሞሉም።

ሳይሰረዝ የቀረው እንደ አስትሮይድ (ፀሐይን እንደሚዞሩት ትናንሽ ዐለታማ አካላት) የሚመዝኑት ቦታ ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ከአቶም አይበልጡም፣ ብርሃን የማጉበጡ ዘዴም አይዛቸውም። ሠንጠረዡ ላይ እጅ የምታህል ነጭ ቦታ ናት። ልጅቷ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋባታለች፤ ቀዩን ማርከር ለማንም አልሰጥም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ሄዳለች።