በአፍ የሚሰጡ ክትባቶች መድከም በአንጀት ባክቴሪያ ብቻ አይሳበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአፍ የሚሰጡ ክትባቶች በአንዳንድ አገሮች የሚደክሙት በሕፃናት አንጀት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሆነ በጤና ዓምዳችሁ የቀረበውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩ። ጉዳዩ መነሣቱ ያስመሰግናል፤ ድምዳሜው ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፎ ሄዷል።

የልዩነቱ መኖር አያከራክርም። በሕፃናት ላይ ተቅማጥ የሚያስከትለውን ሮታ ቫይረስ ለመከላከል የሚሰጥ አንድ ክትባት በአውሮፓ በተደረገ ሙከራ በዚሁ ቫይረስ የሚመጣ ከባድ ተቅማጥን ከ90 በመቶ በላይ ሲከላከል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በታተመው ሙከራ በደቡብ አፍሪካ 77፣ በማላዊ ደግሞ 49 በመቶ ገደማ ተከላክሏል። ባክቴሪያዎቹም ያለ ምክንያት አልተጠረጠሩም፤ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ እንዲሠራ አንጀት ውስጥ መራባት አለበት፤ በጋና በተደረገ ጥናትም ለክትባቱ ጥሩ ምላሽ የሰጡ ሕፃናት የባክቴሪያ ስብጥር ምላሽ ካልሰጡት ይልቅ ለበለጸገችው ኔዘርላንድ ሕፃናት የቀረበ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ንጹሕ ውኃ በሌለበት የሚያድግ ሕፃን የሚለየው በባክቴሪያዎቹ ብቻ አይደለም፤ አንጀቱ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የተጎዳ፣ ሌሎች ቫይረሶች ቀድመው የሰፈሩበት፣ የክትባቱን ቫይረስ ሊያከሽፍ የሚችል ፀረ እንግዳ አካልም (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ከእናቱ በብዛት የወረሰ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያውን በመቀየር ክትባቱን ማጠናከር ይቻል እንደሆነም ተሞክሯል። በደቡብ ሕንድ ሕፃናት ከፖሊዮ ጠብታ በፊት አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችና የአንጀት መቆጣት ቢቀንሱም ለክትባቱ የሰጡት ምላሽ አልተሻሻለም። በኔዘርላንድ ጤናማ ጎልማሶች ላይ ከሮታ ቫይረስ ክትባት በፊት አንቲባዮቲክ በመስጠት የተደረገው ሙከራም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተስፋ ሰጪ ምልክት ቢያሳይም በ28ኛው ቀን የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ልዩነት አልነበረውም። ስለሆነም ጽሑፉን ያነበበ ወላጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃኑ አንቲባዮቲክ ወይም ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎችን የያዘ ምርት) ሰጥቶ ወደ ክትባት እንዳይሄድ ያሰጋኛል፤ አንቲባዮቲክን እንዲህ መጠቀም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው አይታየኝም።

ጽሑፋችሁ የዘነጋው ሌላው ነገር መቶኛው ብቻውን የሚያሳስት መሆኑ ነው። በዚያው የ2010 ሙከራ በማላዊ ክትባቱን ከወሰዱ 100 ሕፃናት መካከል በዓመት 6.7 ከባድ ሕመሞች ሲወገዱ፣ ክትባቱ ይበልጥ ሠራ በተባለባት ደቡብ አፍሪካ የተወገዱት 4.2 ነበሩ፤ በማላዊ በሽታው ከመነሻው እጅግ የበዛ ነበርና። ዓምዳችሁ ወደዚህ ርእስ ሲመለስ እነዚህን አኃዞች ከመቶኛው ጎን እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከጋዜጣችሁ አንባቢ