አፑ የሰጠው ስም ማረጋገጫ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስልክ ካሜራ ቅሪተ አካል ስለሚለዩ አፖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሰው ለድንጋይ ትኩረት እንዲሰጥ ማድረጋችሁ ደስ ይላል። ግን ፎቶ ማንሳት ብቻ በቂ እንደሆነ አድርጋችሁ ማለፋችሁ አልተዋጠልኝም።

አፑ እኮ የሚያየው ፎቶ ብቻ ነው። ቀድሞ ከተማረባቸው ምስሎች ጋር ያመሳክርና ይበልጥ የቀረበውን ስም ያወጣል። ተራ ድንጋይ ብታሳዩትም ብዙ ጊዜ አንድ ስም አያጣም። ከጎን የሚጽፈው ፐርሰንትም የመመሳሰል ግምት ነው፤ ሰው ግን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ያነበዋል።

ተራ ድንጋይ ደግሞ በጣም ያታልላል። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተባለው ማዕድን በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሲረጋ ልክ እንደ ፈርን ቅጠል ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ግን ተክል አይደለም። በደለል ውስጥ ማዕድን ተጠራቅሞ የሚሠራው ድቡልቡል ድንጋይም ስንቱን ሰው የዳይኖሰር እንቁላል አገኘሁ አሰኝቷል።

እውነተኛው ቅሪተ አካልም ቢሆን ከአንድ ወገን ታይቶ አይታወቅም። ብራኪዮፖድ የተባለው የባሕር እንስሳና ተራው የባሕር ዛጎል ሁለቱም ባለ ሁለት ክዳን ናቸው፤ በፎቶ ይመሳሰላሉ። በብራኪዮፖድ እያንዳንዱ ክዳን ግራና ቀኙ እኩል ሲሆን ሁለቱ ክዳኖች ግን ይለያያሉ፣ በዛጎሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ለማየት እጅ ላይ ማገላበጥ ያስፈልጋል። አንዳንዱ እንዲያውም ካልተከፈተ አይታወቅም፦ ቅሪተ አካል ሰብሳቢዋ ሜሪ አኒንግ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የምታገኛቸው እንግዳ ድንጋዮች ሲሰበሩ ውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ተገኘ፣ የሥነ ምድር ሊቁ ዊልያም ባክላንድም እ.ኤ.አ. በ1829 የጥንት እንስሳት ኩስ መሆናቸውን አስረዳ። ከውጭ ለሚያይ ካሜራ ያው ድንጋይ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የተሳሳተ ስም አይደለም፣ እሱ ይታረማል። የሚያሳስበኝ ሰው ስልኩ ላይ ስም ስላየ ብቻ ነገሩን ከዓለቱ ፈልፍሎ ኪሱ መክተቱ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝን የዓለት ካርታ ሲያወጣ አንዱን ንብርብር ከሌላው የለየው በውስጡ ባሉት ቅሪተ አካሎች ነበር። ዛሬም ዕድሜ የሚገመተው በብዛት ከንብርብሩ ነው፣ ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ካለ ደግሞ ይበልጥ በትክክል። የት እንደነበረ ሳይመዘገብ የተነቀለ አጥንት ስሙ በትክክል ቢታወቅ እንኳ ታሪኩ ግማሹ ጠፍቷል፣ ይህን ደግሞ ማንም ባለሙያ መልሶ ሊያመጣው አይችልም።

አፑን ጣሉት አላልኩም። ትሪሎባይት ይሁን አሞናይት (ሁለቱም ከምድር የጠፉ የባሕር እንስሳት ናቸው)፣ ሰፊውን ምድብ ለመገመትና የት ማንበብ እንደሚጀመር ለማወቅ ይጠቅማል። ዝርያው ድረስ ሲወርድ ግን አትመኑት።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህን ጨምሩልን፦ ቅሪተ አካሉ ካለበት ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከቅርብም ከሩቅም ዓለቱ ጭምር ይታይ፣ የስልኩ ጂፒኤስ ቦታውን ይመዝግብ። ከዚያ ፎቶው ለሙዚየም ወይም ለዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ክፍል ይላክ። ይህን ሁሉ ያው ስልክ ይሠራዋል።

አንባቢያችሁ