ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ጠይቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ በፋሲካ ሰሞን ወደ ተራራ ወጣ በሉ የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። «ክረምቱ ስላለፈ በረዶው አያሰጋም» የምትለዋ ነገር ግን አስደነገጠችኝ። እባካችሁ አርሙልን። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር አበሾች ሚያዝያ ላይ ልጆች ጭነን ላቭላንድ ፓስ የሚባለው የተራራ ማለፊያ የምንወጣ ብዙ ነን፤ ቦታው 3,655 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በረዶው ያኔም ገና ክምር ነው፣ ሊናድም ይችላል።

አምና እኔም ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ጓደኛችን ትንሽ እስኪያርፍ ጠብቀን ስለወጣን የደረስነው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል። በረዶውን ስረግጠው እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ቀና ስል ከዳገቱ ላይ ትንንሽ የበረዶ ጥቅልሎች እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፣ ልክ ተጠቅልሎ ትሪ ላይ እንደሚቀርብ እንጀራ። ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው። ጓደኛዬ ፎቶ ሊነሳ ወደ ዳገቱ ሥር ሲሻገር ስኪዋን መኪና ላይ ትጭን የነበረች ሴት ጮኻ መለሰችው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ዳገቱ ተንሸራተተ። ትልቅ ናዳ አልነበረም፤ እንደ ተቦካ ሲሚንቶ እየከበደው ነው የወረደው። ከቆመ በኋላ ግን ጫፉ ላይ የቀረውን ጓል በጫማዬ ብመታው እንደ ሊሾ ጠጥሯል። ጓደኛዬ ይቆም የነበረው እዚያ ነው።

ሴትየዋ አንድ ነገር ጠየቀችን፤ «ትናንት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ወይስ ደመና?» እኔ ደጋ ነው ያደግሁት፣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውርጭ ገብሱን የሚመታው ደመና በሌለበት ሌሊት አይደል? ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣላ። ደመና ካለ ግን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዘዋል። በረዶም እንደዚያው ነው። ሌሊቱ ጥርት ካለ ቀን የቀለጠው ተመልሶ ይጠጥራል፣ ጠዋት ሰው ይሸከማል። ደመና ካደረ ግን ሳይጠጥር ያድራል፣ የቀለጠው ውሃ ወደ ውስጥ እየሰረገ በረዶውን እርስ በርስ የያዘውን ነገር ያላላዋል፣ ፀሐይ ስትጨመርበት በቃ ይሄዳል።

በደንብ ጠጥሮ ያደረም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አይቆይም። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረው ዳገት ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ የደቡቡ፣ ከሰዓት የምዕራቡ። እግራችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ መስመጥ ከጀመረ ከዳገቱ ራቁ። እኛ ደግሞ ልጅ ቀስቅሰን፣ ቁርስ አብልተን፣ ነዳጅ ቀድተን ስንደርስ ሁሌም እኩለ ቀን ነው።

በብዛት የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ዳገት ነው። ስልካችሁ ላይ ባለው ውሃ ልክ መለካት ይቻላል። ሜዳ ላይ ነኝ ብሎ መተማመን ግን አይሆንም፣ ከበላያችሁ ያለው ዳገት መጥቶ ያገኛችኋልና።

የሌሊቱ ነገር ብቻውን እንደማይበቃም ልንገራችሁ። ሚያዝያ 2013 (በፈረንጆቹ) እዚያው ላቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ ላይ፣ 6 ሰዎች ወደ ሰሜን በዞረ ዳገት ሥር ሲያልፉ ናዳው ወረደባቸው። 5ቱ ሞቱ። የተቀበረ ሰው መፈለጊያና ማውጫ መሣሪያው ነበራቸው፣ አደጋ እንዳለም ያውቁ ነበር። እሱን የናደው የዕለቱ ፀሐይ ሳይሆን ከሥር የቆየ ደካማ ንጣፍ ነው፤ እንዲህ ያለውን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል የሚያወጣውን የዕለቱን ደረጃ ማየት ግድ የሚሆነው። ከ1 እስከ 5 ነው፣ 5 እጅግ አስጊው። የሺፕ ክሪኩ ናዳ ቀን 3 ነበር። 3 ሲባል «መካከለኛ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ፣ በጣም ያሳስበኛል።

የተቀበረ ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። 911 ተደውሎ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ጊዜ አይሰጥም። የሚያወጣው አጠገቡ ያለ ሰው ነው፣ እሱም ቢከን (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ)፣ በረዶ ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋ ይዞ አጠቃቀሙን ከተማረ ነው። ይህን ያልያዘ፣ ስኒከር አድርጎ የወጣ ቤተሰብ ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ ያን የመሰለ ተራራ አይቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይመለስ።

አንድ ልመና አለኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ዓርብ ዓርብ በምትወጣው ጋዜጣችሁ ላይ ማዕከሉ የሚያወጣውን ደረጃ በአማርኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያዎች አጠገብ አትሙልን። እናቶች የሚያነቡት ያንን ገጽ ነው። መተርጎሙን እኔ በነፃ እሠራለሁ፣ ሐሙስ ማታ እልክላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ