የእሑዱ ስብሰባ፦ አዲስ አባላትን ስለ መቀበል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

የፊታችን እሑድ የምንሰበሰበው ማኅበራችንን ለመቀላቀል የጠየቁትን ሰዎች እንዴት እንደምንቀበል ለመወሰን ነው። ከመካከላቸው ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡ፣ የእስር ጊዜያቸውን ጨርሰው የወጡም አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ያዙ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 1ን አንብባችሁ ኑ። የጌታችን የትውልድ ሐረግ ጋለሞታ የነበረችውን ረዓብንና ሞዓባዊቷን ሩትን ይጠራል። ወንጌላዊው ሊያልፋቸው ይችል ነበር፤ አላለፋቸውም። እርሱ ራሱም ከቀረጥ መሰብሰቢያ የተጠራ ቀራጭ ነበር። ሽፍታ የነበረው ሙሴ ጸሊምስ በግብፅ በረሃ መንኩሶ የብዙዎች አባት አልሆነም?

የምንወስነው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ማኅበሩን እስኪለምድ አብረውት የሚሆኑ ሁለት አባላት እንመድብ ወይ የሚለውን ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ያለፈ ሕይወታቸውን ላለመጠየቅ መስማማት ነው። ኑዛዜ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው፤ ከጸበል ጻዲቁ በኋላ የምናወራው ወሬ ሊሆን አይገባም፤ በዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ስለ ገንዘብ አያያዝ የሰጋችሁም አላችሁ። ማንኛውም አዲስ አባል አንድ ዓመት ሳይሞላው ገንዘብ ያዥ አይሁን የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንንም አያሳፍርም።

መምጣት አለመምጣታችሁን፣ አዲስ ሰው ለመያዝ ፈቃደኛ የሆናችሁም ስማችሁን፣ እስከ ዓርብ ማታ በዚሁ ጻፉልኝ። መምጣት የማትችሉ አስተያየታችሁን ላኩ፤ በስብሰባው ላይ ይነበባል።