ተመልሳችሁ ስትመጡ ማን ይከታተላችኋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ሁለት አንባቢዎች የላኩትን አስተያየት አነበብኩ። አንደኛው ወንድም «ሆዱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ነው ጨጓራውን የሚያስቆርጠው፣ ጾም እያለ ምን አመጣው» ይላሉ። ሌላዋ እህት ደግሞ ሳምንት ሄዶ መመለስ ነው፣ ጥርስ ከማስነቀል አይብስም ብላ ጽፋለች። እኔ ይህንን ኦፕራሲዮን በጥር 2014 መጨረሻ ላይ ኢስታንቡል ሄጄ ያደረግኩ ሴት ነኝ። በጣም ጠቅሞኛል። ሊገድለኝም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚናገር ሰው ስላጣሁ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከወንድሜ ልጀምር። ያኔ 41 ዓመቴ ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 118 ኪሎ። ስኳር ከያዘኝ 6 ዓመት አልፎኛል፣ ሜትፎርሚን ነበር የምወስደው፣ ከዚያ ሌላ ተጨመረበት፣ ቀጥሎ ኢንሱሊን ነው ተባልኩ። ማታ ማታ ትንፋሼ ሲቆም ባለቤቴ እየሰማ ይቀሰቅሰኛል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከሥራ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳላርፍ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ጂም ገብቻለሁ። እንጀራ ትቻለሁ። አንድ ጊዜ 14 ኪሎ ቀንሼ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ 17 ሆኖ ተመለሰብኝ። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ችጋር የገባ ይመስለዋል፤ የረሃቡን ሆርሞን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል፣ ይህ ደግሞ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጾምማ ከልጅነቴ ጀምሮ እጾማለሁ፣ ረቡዕና ዓርብም አላስቀርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ከዚያ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በሻይ። በዚህ ማን ይከሳል? ጾም ለነፍስ ነው። ለውፍረት መድኃኒት ነው እያሉ ማዘዝ ለጾሙም ክብር አይመስለኝም።

እኔ የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ቱቦ ነው። አይመለስም፣ የወጣው ወጣ ማለት ነው። ሌላው ባይፓስ ነው፤ እዚያ ላይ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተሠርታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፣ ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚሠሩት ሆድን በማጥበብ ብቻ አይደለም። የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖችን ይለውጣሉ፣ ስኳርም ገና ብዙ ኪሎ ሳይወርድ መስተካከል የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ጥቅሙን የማወራው በስሜት እንዳይመስል ሁለት ጥናት ልጥቀስ። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ 150 የስኳር ሕመምተኞችን በሦስት ከፍለው 5 ዓመት ተከታትለዋል። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው (HbA1c የሚባለው ምርመራ) 6 በመቶ እና ከዚያ በታች የሆነው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5 በመቶው፣ ስሊቭ ከተደረጉት 23 በመቶው፣ ባይፓስ ከተደረጉት 29 በመቶው ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም አብዛኞቹ እዚያ ቁጥር ላይ አልደረሱም። ሁለተኛው ከ1987 እ.ኤ.አ ጀምሮ በስዊድን የተደረገው ረጅም ክትትል ነው። ኦፕራሲዮን የተደረጉት ካልተደረጉት መሰሎቻቸው 3 ዓመት ያህል ረዝመው ኖረዋል። ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን አሁንም 5 ዓመት ተኩል ያህል ያንሳሉ። እንግዲህ ዕድሜ ይጨምራል፣ ያለፈውን ጉዳት ግን ሁሉንም አያጠፋም።

በእኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በ14 ወር 82 ኪሎ ደረስኩ። ዛሬ 87 ነኝ። የስኳር መድኃኒት ካቆምኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። አራተኛ ፎቅ ዘንቢል ይዤ እወጣለሁ።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ። ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሰው እንደሚያስበው አስፈሪ አይደለም፣ እሷ እውነቷን ነው። ልምድ ባላቸው ቦታዎች የሞት መጠኑ ከ1000 ሰው አንድ አካባቢ ነው፣ የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙም አይርቅም። የተሰፋው ቦታ የሚያፈስበት ሰው ከመቶ አንድ አካባቢ ነው፣ ሲያፈስ ግን ከባድ ነው፣ ደግሞ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፣ አገር ቤት ከገባችሁ በኋላም ሊመጣ ይችላል። የደም መርጋትም አለ። እኔ በስድስተኛው ቀን ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት። የደም ማቅጠኛ መርፌ ሰጥተውኝ ነበር፣ መንገዱን ግን በጭንቀት ነው የጨረስኩት።

መከራዬ የጀመረው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ማስታወክ ጀመረኝ። ውሃ እንኳን አልረጋ አለ። ወደ ኢስታንቡል በላኩኝ ሰዎች ቁጥር በዋትሳፕ ስጽፍ «ኖርማል ነው፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ» የሚል መልስ ይመጣል። ዶክተሩን አገናኙኝ ስል መልሱ ዘገየ፣ ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ያ ሳምንት ደግሞ ዐቢይ ጾም የገባበት ነው። እንቁላሉንም እርጎውንም ተውኩት፣ የቀረኝ የአጃ ሾርባ፣ እሱንም አስመልሰዋለሁ። በስምንተኛው ሳምንት እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። መታጠቢያ ቤት ወድቄ ልጄ ናት ያነሳችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብለው ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። እኔም ኦፕራሲዮኑን አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነበር። ከባለቤቴና ሜሪላንድ ካለችው እህቴ በቀር ማንም አያውቅም፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ሥልጠና ሄድኩ ብያለሁ፣ ለእናቴ እንኳን አልተናገርኩም። በማግስቱ ባሰብኝ። ሌላ ሆስፒታል ወሰዱኝና አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዴ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠባሳዎች አየችና «እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ያኔ ተናገርኩ።

ታያሚን ነበር ያለቀብኝ። ቫይታሚን ቢ1 ነው። ሰውነታችን የሚያስቀምጠው ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው፣ እኔ ግን ሦስት ሳምንት አስመልሻለሁ። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ መስጠት ደግሞ ያለችውን ጭላጭ ስለሚጨርሳት ነገሩን ያባብሰዋል። ቶሎ ካልተደረሰበት ነርቭ ብቻ አይደለም፣ አእምሮም ይጎዳል፣ ሰው ይሞታል። በደም ሥር ሰጡኝ፣ ዳንኩ። በከዘራ የሄድኩት አራት ወር ነው። የግራ እግሬ ጣቶች ዛሬም ደንዛዛ ናቸው። ግሉኮስ በሰቀሉልኝ ሰዎች አልፈርድም፣ ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት?

ከዚያ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከዘራዬን አዩና «ልጄ፣ በሽተኛ አይጾምም፤ እንቁላልሽን ብዪ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ጸሎትሽን አታቋርጪ» አሉኝ። ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ ጿሚ የሆኑ ሰዎች ስላሉ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። በዚያች ትንሽ ጨጓራ ይህንን ከምስርና ከሽሮ ብቻ ማግኘት በመጀመሪያው ዓመት በጣም ከባድ ነው፤ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ ከእንስሳት ምግብ ውጪ አይገኝም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ያደረግኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው።

ስለ ማዕድ የሚነግራችሁ የለም። እኛ አገር ብቻውን የሚበላ የለም፣ ያልበላም አይታለፍም። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ እንዴት ነው እምቢ የሚባለው? እኔ አንድ ጉርሻ በደንብ ሳላላምጥ ከዋጥኩ ደረቴ ላይ ቆሞ ያስለቅሰኛል። እንጀራ ዛሬም የምበላው ሩብ ገደማ ነው፣ ወጡን አስቀድሜ። ከምግብ ጋር ውሃ አልጠጣም። የባለቤቴ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይመውኝ ነበር፣ ምግባቸውን የናቅኩ መስሏቸው። ከዚያ ደግሞ ወሬው አለ። እኛ ጋ ድንገት የከሳ ሰው ታሟል ነው የሚባለው። ቢሮ ውስጥ ምን እንደተባለ አውቃለሁ፣ አልደግመውም። ሁለቱንም ያቆምኩት እውነቱን በመናገር ነው። ለአማቴ ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው አለቀሱ፣ አሁን እንቁላል ቀቅለው ነው የሚጠብቁኝ።

ሌላውን በአጭሩ። በአራተኛው ወር ፀጉሬ ረገፈ፣ ተመልሶ መጣ። የሆዴና የክንዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ቃር ያዘኝና ኦሜፕራዞል በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ይሄ ከስሊቭ በኋላ የተለመደ ነው፣ ድሮም ኃይለኛ ቃር ያለበት ሰው ባይፓስ ይሻለው እንደሆን አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ባይፓስ የተደረገ ሰው ግን እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን መራቅ አለበት፣ ቁስለት ያመጣሉ። እኛ ደግሞ ራሳችንን ባመመን ቁጥር ፋርማሲ ገብተን የምንገዛው እነሱን ነው። ቶሎ ክብደት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይመጣል። አልኮል ቶሎ ነው የሚይዘው፣ ሱስ ውስጥ የሚገቡም አሉ። ወጣት ሴቶች ደግሞ ይህንን ስሙኝ፦ ክብደት ሲወርድ እርግዝና ቶሎ ሊመጣ ይችላል፣ ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቁ ነው የሚሉት፣ ባይፓስ ከሆነም የሚዋጠው መከላከያ በደንብ ላይሠራ ይችላል።

ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሴማግሉታይድ በጥናቱ ላይ ከክብደት 15 በመቶ ያህል አስቀንሷል፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን 20 በመቶ አካባቢ። ያኔ እንዳሁኑ ቢኖር ኖሮ እሱን ልሞክር እችል ነበር። ግን ሲያቆሙት ክብደቱ አብዛኛው ይመለሳል፣ በየወሩ መግዛት ነው፣ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄም ሐሳብ ነው። ኦፕራሲዮን አንድ ጊዜ ነው የሚከፈልበት፣ ግን የዕድሜ ልክ ቫይታሚን አለው። ማንም ያለ ሐኪም ሁለቱንም አይጀምር።

ሐኪሞች ይህንን ኦፕራሲዮን የሚመክሩት ለማን እንደሆነም ይታወቅ። በ2022 እ.ኤ.አ በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ቢኤምአይ (ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ከ30 ጀምሮ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለበት ነው። የእኔ 44 ነበር። ባለፈው የጓደኛዬ የእህት ልጅ ቤቴ መጣች። 24 ዓመቷ ነው፣ ቢኤምአይዋ 28፣ ምንም በሽታ የለባትም። ለሠርጓ ብላ ነው። በቲክቶክ አይታ፣ ሆቴልና መኪናን ጨምሮ ዋጋ ተነግሯት፣ ቀብድ ልትልክ ነበር። ደም ግፊቷን እንኳን የለካ የለም። አይሆንም አልኳት። እግሬን አሳየኋት። ተናደደችብኝ፣ ምንም አይደለም።

ለሚገባው ሰው ግን ሂድ ነው የምለው። ቲኬት ከመቁረጡ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ስትመጣ እከታተልሃለሁ የሚል አንድ ሐኪም በስም ይኑረው። ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ ከመሄዱ በፊት ይመርመር፣ የመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ምን እንደተሠራለት የሚያሳየውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ተቀብሎ ይምጣ፣ አንድ ቅጂ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዙር። ለቤተሰቡ ይንገር። ሁለት ቀን ካስመለሰ ዋትሳፕ አይጻፍ፣ ሆስፒታል ይሂድና የመጀመሪያው ቃሉ «ጨጓራዬን ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ» ይሁን።

እናንተም በጤና ገጻችሁ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ አቅርባችሁ ስለ ክትትሉ ብቻ ብታወያዩልን ደስ ይለኛል። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ለመሄድ ያሰበ፣ ወይም ሄዶ መጥቶ እንደ እኔ የደበቀ አንባቢ ካለ አገናኙኝ፣ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ አነሳለሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ