ለጆሮ ጩኸት የግፊት ኦክስጅን፦ ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደርና በአካባቢዋ ጆሯቸው ቀንም ሌሊትም ጭው የሚልባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በቴሌግራምና በቲክቶክ ደግሞ ለእነሱ የሚቀርብ ተስፋ አለ፤ የግፊት ኦክስጅን ሕክምና፣ በባለሙያዎች አጠራር ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን። ከብት ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው ለዚሁ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስቡ አሉ። ሕክምናው እውነተኛ ነው፤ ለጆሮ ያለው ጥቅም ግን ለሌላ ችግር፣ ለድንገተኛ የመስማት መቀነስ ነው፣ እሱም ቶሎ ከተደረሰበት። አንባቢ ይህን ልዩነት ገንዘቡን ሳያወጣ እንዲያውቀው ዝርዝሩን ጽፌያለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚው አየር በማያስወጣ ክፍል (ቻምበር) ውስጥ ይተኛል ወይም ይቀመጣል፤ የክፍሉ ግፊት ከ2 እስከ 2.5 አትሞስፌር (1 አትሞስፌር በባሕር ወለል ያለው የአየር ግፊት ነው) ከፍ ይደረግና 100 በመቶ ኦክስጅን ይተነፍሳል። በባሕር ወለል ላይ ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ኦክስጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በ2.4 አትሞስፌር ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ ይህ ወደ 5 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። የውስጠኛው ጆሮ ደም የሚያገኘው በአንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ነው፤ እሷ ከተዘጋች የሚተካት ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ በድንገት የታፈኑ፣ ነገር ግን በሕይወት ያሉ የመስሚያ ሕዋሳትን በዚህ በሟሟ ኦክስጅን ማቆየት ይቻላል የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው። የሞቱትን ግን አይመልስም፤ በሰው ጆሮ ውስጥ የመስሚያ ሕዋስ ከሞተ አይበቅልም።

የሚጠቅመው ለማን ነው? በ72 ሰዓት ውስጥ የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ለወረደበት ሰው ነው። መለኪያው በኦዲዮሜትሪ (መስማት በሚለካ) ምርመራ በሦስት ተከታታይ የድምፅ ቅጥነቶች (ፍሪኩዌንሲ) ቢያንስ 30 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይመጣል። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የግፊት ኦክስጅንን እንደ አማራጭ የፈቀደው ስቴሮይድ ከተባለው ብግነት ቀናሽ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር፣ ወይም ስቴሮይዱ ካልሠራ በአንድ ወር ውስጥ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታደሰው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ደግሞ 392 ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሰባት ጥናቶች መርምሮ፣ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ላይ የተወሰነ መሻሻል አገኘ፤ ይህም ቢሆን ለታካሚው ኑሮ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ግልጽ አልሆነም። ለቆየ የመስማት ችግርና ለቆየ ጩኸት ግን የሚጠቅም ሆኖ አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ሕክምናው ከተፈቀደላቸው ሕመሞች መካከል ድንገተኛ የመስማት ማጣትን ይቆጥራል፤ የጆሮ ጩኸትን ለብቻው አይቆጥርም።

ወራት ያለፉት ጩኸት ምንጩ ጆሮ ብቻ አይደለም። ከጆሮ የሚመጣው ምልክት ሲቀንስ አንጎል የጎደለውን ለማካካስ የራሱን ስሜት ከፍ ያደርጋል፤ ታካሚው የሚሰማው ይህን ነው። እዚያ ላይ ኦክስጅን ማብዛት የሚለውጠው ነገር የለም። «እኔ ድኛለሁ» የሚሉትን የቪዲዮ ምስክሮችም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ከደረሰባቸው ሰዎች ከሲሶው እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ በራሳቸው የተወሰነ መሻሻል ያገኛሉ። በዚያው ሳምንት ቻምበር የገባው ሰው መዳኑን ለቻምበሩ ቢሰጥ አይፈረድበትም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

አሁን ደግሞ በስልክ እየታዘዙ ስለሚመጡት፣ እንደ ድንኳን ስለሚነፉት ለስላሳ ከረጢቶች። ሻጮቹ «1.3 አትሞስፌር» ይላሉ። ይህ ቁጥር የሚሠራው በባሕር ወለል ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት 0.77 አትሞስፌር አካባቢ ነው። ከረጢቱ የሚጨምረው 0.3 ነው፤ ድምሩ 1.07 ይሆናል። ተራ አየር ከተሞላ፣ ውስጡ የተኛው ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ ከሚተነፍሰው እምብዛም አይበልጥም። ከኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር ከሚለይ መሣሪያ) ማስክ ቢጨመርበት እንኳ የሚተነፍሰው የኦክስጅን ግፊት ብቻውን 1 አትሞስፌር አይሞላም፤ ብዙዎቹ ጥናቶች የተሠሩት ግን ከ2 በላይ በሆነ ግፊት ነው። ይህን ከረጢት ለጆሮ ጩኸት መሸጥ ሕመምተኛን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ። ጠንካራ ግድግዳ ያለው እውነተኛ ቻምበር በደጋ ከተማ ሲተከልም ስሌቱ መስተካከል አለበት፦ የግፊት መለኪያው ዜሮ የሚለው በአካባቢው ግፊት ላይ ስለሆነ፣ 2.4 ለመድረስ በባሕር ወለል 1.4 ማንበብ ሲበቃ፣ ጎንደር ላይ 1.63 ማንበብ ይኖርበታል።

ሐኪም አዞለት ወደ ትክክለኛ ቻምበር የሚሄድ ሰው ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን። ይህ ማለት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የማረፊያና የምግብ ወጪ ነው፤ ከሕክምናው ዋጋ ጋር ሳይደመር መታሰብ የለበትም። በየጊዜው ግፊቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ኦክስጅን ይተነፈሳል፣ በመሐል ለ5 ደቂቃ ተራ አየር እየተሰጠ፤ ይህ እረፍት ከኦክስጅን ብዛት የሚመጣን መንቀጥቀጥ ለመከላከል ነው። መጨረሻ ላይ ግፊቱ በዝግታ ይቀነሳል።

ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ራሱ ጆሮ ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈንና ሲከፈት ያውቀዋል። የዚያ ቁልቁለት የግፊት ልዩነት ከሩብ አትሞስፌር አይደርስም፤ በቻምበሩ ውስጥ ግን ከአንድ በላይ ይጨመራል። ስለዚህ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት፣ አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት የሚጀመረው በሩ እንደተዘጋ፣ ሕመም ሳይመጣ ነው። ካመመ ወዲያው ለኦፕሬተሩ ምልክት መስጠት፤ ግፊቱ ይቆማል ወይም ትንሽ ይመለሳል። አፍንጫን ይዞ በኃይል መንፋት አደገኛ ነው፤ የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ሊቀድ ይችላል፣ ያኔ ጩኸት ሊታከምለት የገባው ሰው የባሰ ጩኸትና የመስማት ማጣት ይዞ ይወጣል። ጉንፋን ወይም ሳይነስ ያለበት ሰው እስኪሻለው አይግባ። ጆሮውን መክፈት ለማይችል ሰው ሐኪሙ በታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ያስገባለታል።

ከመግባት በፊት የደረት ራጅ መታየት አለበት። ሳንባው አየር ያፈሰሰና ያልታከመ ሰው ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የሳንባ ቲቢ ታክሞ በሳንባው ላይ ቀዳዳ ወይም የአየር ከረጢት የቀረበትም ያለ ልዩ ሐኪም ፈቃድ አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበትና ብሊዮማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ሰው ቀድሞ ይናገር። የስኳር ሕመምተኛ በክፍሉ ውስጥ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ሳይለካና ሳይበላ መግባት የለበትም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ከብዙ ጊዜ መግባት በኋላ ዓይን የሩቁን አጥርቶ ላያይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል።

እሳት ሌላው ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። በጥር 2017 ዓ.ም በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ የአምስት ዓመት ሕፃን ቻምበር ውስጥ በተነሣ ፍንዳታና እሳት ሞቷል። በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ይበቃል። የሚለበሰው የተቋሙ የጥጥ ልብስ ብቻ ነው። ናይሎን፣ ስልክ፣ ክብሪት፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሽቶ፣ ቫዝሊን አይገባም። የእኛ እናቶችና እህቶች ፀጉር ላይ የሚቀባው ቅቤም እንዲሁ፤ ከቀጠሮው በፊት በሳሙና በደንብ ይታጠብ። እነዚህን የማይጠይቅና የማይፈትሽ ቦታ ካጋጠማችሁ ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እዚሁ ጎንደር ውስጥ በርካሽ የሚደረገው ነገር ይበልጣል። ጠዋት ሲነሣ አንድ ጆሮው የተደፈነበት ሰው አፉን ዘግቶ «እምምም» ይበል። ድምፁ ወደታመመው ጆሮ ካደላ ብዙ ጊዜ ኩክ ወይም የመካከለኛው ጆሮ ችግር ነው። ወደ ደህናው ካደላ የመስሚያ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ያን ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። የተለመደው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ በቀን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ ከ60 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ከዚያ እየተቀነሰ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 5 ሚሊ ግራሙ 12 ፍሬ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አይደለም፤ ስኳርና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የተደበቀ ቲቢን ይቀሰቅሳል። በተግባር የሚበላሸው ግን ቀኑ ሲያልፍ ነው፦ «ብርድ ነው» ተብሎ ሳምንት ይጠበቃል፣ ጠብታ ይሰጣል፣ የሞቀ ዘይት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ይንቆረቆራል። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ይህ መግል ያመጣል። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ለቆየ ጩኸት መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ። በመተማና በሁመራ በኩል ለወባ ኩዊኒን የተባለው መድኃኒት የተሰጠው ሰው ጆሮው ቢጮህ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲንም ጆሮን ይጎዳሉ። በሰርግና በለቅሶ ከአጠገብ የሚተኮስ ጥይት ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንዱ ተኩስ ብቻ ጆሮን ለዘለዓለም ሊጎዳ ይችላል። ወፍጮ ቤትና ግራይንደር ላይ የሚሠሩ ያለ ጆሮ መሸፈኛ አይዋሉ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር ከሄደ የራስ ቅል ምርመራ ያስፈልጋል። መስማት ከቀነሰ የመስሚያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ያለዝበዋል። ጭንቀቱንና እንቅልፍ ማጣቱን በመቀነስ ጥሩ ማስረጃ ያለው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ሌሊት ሬድዮ ወይም የውኃ ድምፅ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ባለ መጠን መክፈት ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ድምፅ ግን አንጎል ጩኸቱን እንዳይለምደው ሊያደርግ ይችላል። ጊንኮ፣ ዚንክና ሜላቶኒን ለዚህ ተብለው እንዳይሰጡ ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. መክሯል።

ለጤና ጣቢያዎች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው፦ በየተረኛው ክፍል አንድ ባለ 512 ኸርዝ የመስማት መፈተሻ ሹካ (ሲመታ ድምፅ የሚሰጥ) ይኑር፣ መስማቱ በድንገት የወረደ ሰው ቀጠሮ ሳይሰጠው በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላክ፣ በሪፈር ወረቀቱም ላይ መስማቱ የወረደበት ቀንና ሰዓት ከሁሉም በላይ ይጻፍ።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ባለሙያ
ጎንደር